የከፋ መሬትና የሚኒስትሮች ሥልጣን

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ አባቶቻችን። ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት ለመጽሔቱ የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፣ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስለ አርእስቱ ብዙ ተከራከርን። አንዳንዶቹ ስለ ቡና አመጣጥ፣ ሌሎቹም ስለ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ይጻፍ አሉ። እነዚህ ግን ደጋግሞ የተጻፈባቸው ናቸው። ስለዚህ ብዙ ያልተነገረለትን፣ ነገር ግን የያንዳንዳችንን ቤት የሚነካውን ጉዳይ መረጥን፤ ይኸውም በደካና በቦንጋ ዙሪያ ያለው ምድር ለእርሻ ይሁን፣ ለጫካ ይቅር፣ ወይስ ለከተማ ይዋል ብሎ የሚወስነው ማን ነው? ይህስ ሥልጣን ከማን እጅ ወደ ማን እጅ ሲተላለፍ ኖረ? የሚለው ነው።

ምናልባት «ይህ የሕግ ዐዋቂዎች ነገር ነው፤ ተማሪን ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ከመካከላችን ግን የብዙዎቹ ቤተ ሰቦች የሚኖሩት በጫካ ጠርዝ ነው። ለደብተርና ለልብስ የሚሆነው ገንዘብ የሚመጣው ከጫካ ቡና፣ ከኮረሪማ፣ ከጥምዝና ከማር ነው። አንድ ሹም በሩቅ ከተማ ተቀምጦ በካርታ ላይ መስመር ቢያሰምር፣ ያ መስመር ማን ቀፎውን በሰቀለበት ዛፍ ሥር እንደሚያልፍ እኛ እናውቃለን፤ እርሱ ግን ላያውቅ ይችላል። ከዚህ በታች ዓመቶቹን ሁሉ የምንቈጥረው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

ከ1890 ዓ.ም. በፊት ከፋ በራሱ ንጉሥ ይተዳደር ነበር። ንጉሡ ታቶ ይባላል፤ ከርሱም ጋራ ሚክሬቾ የተባለ የሰባት ሰዎች ሸንጎ ነበረ። አገሩ ወራፎ በሚባሉ ግዛቶች ተከፍሎ በየግዛቱ ሹም ተቀምጦበት ነበር፤ ቦንጋና አንደራቻም የንጉሡ መቀመጫዎች ነበሩ። በጠረፍ በኩል ጥልቅ ቦይ ተቈፍሮ፣ መግቢያ በሮቹም በዘበኛ ይጠበቁ ነበር። ከቦዩ ባሻገር ደግሞ ጠላት በቀላሉ እንዳይደርስ ሰው የማይሰፍርበት ምድር ይተው ነበር። እንግዲህ ዛሬ «የመሬት አጠቃቀም ፕላን» የምንለው ነገር ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ሥራው በአገራችን አዲስ አይደለም፤ ይህ ይታረስ፣ ያ ይተው የሚል ውሳኔ በንጉሡ ሸንጎ ይሰጥ ነበርና።

ከሸንጎው በታች ደግሞ የሕዝቡ ሥርዓት ነበረ። በከፋ ጫካ ባለቤት የሌለው ዱር አይደለም። ቆቦ የሚባለው የጫካ ይዞታ ለያንዳንዱ ቤተ ሰብ ይደርሰዋል፤ ባለ ቆቦውም በዚያ ክልል ቡናውንና ኮረሪማውን ይለቅማል፣ ቀፎውን ይሰቅላል። ወሰኑ ድንጋይ ወይም አጥር ሳይሆን ታላቅ ዛፍ ወይም ጅረት ነው። የደጆ ሥርዓት የሚፈጸምባቸው የተቀደሱ ዱሮችም አሉ፤ በነዚያ ምሳር አይነሣም። ይህን ስንጽፍ ግን የጥንቱን ዘመን ገነት ለማስመሰል አይደለም። በጦርነት የተማረኩ ባሮች ስለ መሬት የሚጠይቃቸው አልነበረም። በጫካው ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚውሉት ማንጆ የሚባሉት ወገኖቻችንም ከሌላው ሕዝብ ተለይተው እንዲኖሩ ስለ ተደረጉ በሸንጎ ፊት ቃል አልነበራቸውም። ውሳኔው ቅርብ ነበር፤ ለሁሉ ግን እኩል ቅርብ አልነበረም።

በ1890 ዓ.ም. መግቢያ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተማረኩ፤ ከፋም በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሥር ገባ። በጦርነቱና ከዚያ በተከተለው የባሪያ ንግድ ሕዝቡ እጅግ ስለ ተመናመነ፣ ታርሶ የነበረ ምድር ወደ ጫካ እንደ ተመለሰ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ዛሬ «ከጥንት ያልተነካ ደን» እያልን ከምንኰራበት ጫካ መካከል የሰው ልጅ መከራ የተከለው አለ ማለት ነው። ይህን ባሰብን ጊዜ ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም።

ሚኒስትር የሚባል ሹመት ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ከዚህ ዐሥር ዓመት በኋላ ነው። በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ፤ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር፣ በጅሮንድ ሙሉጌታ የገንዘብ፣ ከንቲባ ወልደ ጻድቅ የእርሻ ሚኒስትር ሆኑ። ይሁን እንጂ የእርሻ ሚኒስትሩ በአዲስ አበባ ቢሾሙም በከፋ መሬት ላይ የሚያዙት የአገሩ ገዥና ከርሱ በታች ያሉት መልከኞች ነበሩ። መሬቱ በጋሻ ተቈጠረ፤ አንድ ጋሻም ወደ 40 ሄክታር ገደማ ነው። ገበሬው ገባር ሆነ። የሚኒስትሩ ማኅተም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ቦንጋ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ፈጀበት ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ማኅተሙ የደረሰው ከጣልያን ወረራ በኋላ ነው። በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ በዚያው ዓመት የወጣው የአስተዳደር ደንብም ጠቅላይ ግዛቶችን ሁሉ በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር አደረገ። ከፋ ጠቅላይ ግዛት ሆኖ ከተማው ጅማ ሆነ፤ ቦንጋም የአውራጃ ከተማ ሆነች። በጥር 1935 ዓ.ም. የሚኒስትሮችን ሥልጣን የሚወስነው ትእዛዝ ወጣ፤ እያንዳንዱ ሚኒስትር ምን ምን ላይ እንደሚያዝ ለመጀመሪያ ጊዜ በዝርዝር ተጻፈ። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ማዘጋጃ ቤቶች ዐዋጅ ወጣ። ማዘጋጃ ቤቶች የከተማውን መንገድ፣ ገበያና ሕንፃ እንዲመለከቱ ተፈቀደላቸው፤ ነገር ግን የበላይ ተቈጣጣሪያቸው የአገር ግዛት ሚኒስቴር ነበር። ስለዚህ አንድ ጉዳይ ከወረዳ ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ጅማ፣ ከጅማም ወደ አዲስ አበባ በደብዳቤ ይጓዝ ነበር። መልሱ በተመሳሳይ መንገድ ሲመለስ ክረምት የገባበት እንደ ሆነ መንገዱ ራሱ በጭቃ ይዘጋል።

በ1957 ዓ.ም. ሦስት የደን ዐዋጆች ተከታትለው ወጡ፤ አንዱ ስለ መንግሥት ደን፣ አንዱ ስለ ግል ደን፣ አንዱም ስለ ጥበቃ ደን ነበር። የሚያስፈጽመው የእርሻ ሚኒስቴር ነው። በነዚህ ዐዋጆች ጫካ ወይ የመንግሥት ነው፣ ወይ የባለ ርስት ነው። ቆቦ ከሁለቱ በየትኛው ይገባል? በየትኛውም አልገባም። አንድ ቤተ ሰብ ለብዙ ትውልድ ማር የቈረጠበት ዛፍ በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ስም አላገኘም። የኛም ጽሑፍ ዋና ነገር ከዚህ ላይ ይጀምራል ማለት ይቻላል፤ ከዚያ ወዲህ መንግሥት ቢለዋወጥም ይህ ባዶ ቦታ በቶሎ አልተሞላምና።

የ1958 ዓ.ም. ነገር ደግሞ ለታሪክ ተማሪ እጅግ የሚያስገርም ነው። በዚያ ዓመት የአውራጃዎችን ራስ አስተዳደር የሚፈቅድ ትእዛዝ ወጣ፤ በተመረጡ አውራጃዎች ምክር ቤቶች ተቋቁመው የአካባቢያቸውን ጉዳይ በራሳቸው እንዲመሩ ታሰበ። በዚያው ዓመት የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተመሠረተ። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ አንደኛው እጅ ሥልጣንን ወደ አውራጃ ሊያወርድ፣ ሁለተኛው እጅ የመሬትን ጉዳይ በአንድ ሚኒስቴር ሊሰበስብ ተነሣ። የራስ አስተዳደሩ ትእዛዝ በፓርላማ ተቀባይነት ሳያገኝ ቀረ። የጭሰኛውንና የባለ መሬቱን ግንኙነት ሊያሻሽል የተረቀቀው ሕግም በዚያው ፓርላማ ወድቆ ቀረ። ከፓርላማ አባሎች ብዙዎቹ ባለ መሬቶች ስለ ነበሩ ይህ አያስደንቅም። አዲሱ ሚኒስቴር ግን ጸና።

ከዚህ በኋላ የመጣውን ወላጆቻችን ከኛ ይልቅ ያውቁታል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው ዐዋጅ ቍጥር 31 የገጠርን መሬት ሁሉ የኢትዮጵያ ሕዝብ የጋራ ሀብት አደረገ። አንድ ቤተ ሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተወሰነ፤ ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሆን ክልል የገበሬዎች ማኅበር እንዲቋቋም ታዘዘ። ገባርነትና ጭሰኝነት በአንድ ቀን ተሰረዘ። ይህን ለማቃለል የሚሞክር ካለ በከፋ የገባር ልጅ ሆኖ ያደገ ሽማግሌ ይጠይቅ። የዚህን ዐዋጅ አፈጻጸም ግን የሚመራው ያው የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ነበር። ለባለ ርስት ተሠርቶ የነበረው መሥሪያ ቤት ርስትን አጥፍቶ በሕይወት መቈየቱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ምን ያህል ዕድሜው ረዥም እንደ ሆነ ያሳያል።

በደርግ ዘመን መሬቱ የሕዝብ ነው ቢባልም አጠቃቀሙን የሚወስነው የመንግሥት ማእከል ነበር። በከፋ ይህ በሦስት ነገር ታየ።

መጀመሪያው ደን ነው። በ1972 ዓ.ም. የደንና የዱር አራዊት ዐዋጅ ወጥቶ ይህን የሚጠብቅ ባለ ሥልጣን መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ቀጥሎም በመላው አገር 58 ደኖች በብሔራዊ ደረጃ ቅድሚያ የሚሰጣቸው ደኖች ተብለው ተለዩ፤ የቦንጋም ደን አንዱ ነበር። በጫካው ዙሪያ ወሰን ሲከለል ባለ ቆቦው በድንገት በመንግሥት ደን ውስጥ የተገኘ ሰው ሆነ። ቡናውን ሲለቅም የነበረው በአያቱ መብት ነው፤ አሁን ግን ሌባ ሊባል ይችላል። ሰው የኔ ነው የሚለውን ይጠብቃል፤ የመንግሥት ነው የተባለውን ግን ጥበቃ ሲያልፍ ይቈርጠዋል። አባቶቻችን ይህን ሲነግሩን የሚያፍሩበትም የሚቈጩበትም ነገር እንዳለ ከፊታቸው እናነባለን።

ሁለተኛው ሻይ ነው። ከቦንጋ ብዙ ሳይርቅ በውሽውሽ የመንግሥት የሻይ ልማት ተተከለ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግል ድርጅት ተዛወረ። በመንገዱ ያለፈ ሁሉ እንደ ምንጣፍ የተዘረጋውን አረንጓዴ ያደንቃል። ሥራ ያገኘበት ብዙ ሰው ስላለ እኛም አናጥላላውም። ዳሩ ግን ያ ኮረብታ ሻይ ይብቀልበት ያለው ማን እንደ ነበረ ብንጠይቅ፣ መልሱን የምናገኘው በቦንጋ ሳይሆን በአዲስ አበባ ነው።

ሦስተኛው ሰፈራ ነው። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ መንግሥት ከሰሜንና ከሌላም አካባቢ ወደ 600,000 የሚሆን ሕዝብ አንሥቶ ከፋን ጨምሮ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ አሰፈረ። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ በሦስት ዓመት 2.2 ሚሊዮን ሰው በየክልሉ ውስጥ ለማስፈር ሌላ ዕቅድ ወጣ፤ በዚህም ጊዜ መሬት ከጠበባቸው ከከምባታና ከሐዲያ የመጡ ወገኖች በዴቻ ሰፈሩ። ተርቦ ወይም መሬት አጥቶ የመጣ ሰው በደል የለበትም፤ ልጆቻቸው ከኛ ጋራ በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ። ጥያቄያችን ወደ ሰፋሪው ሳይሆን፣ ያ ምድር «ሰው የሌለበት ባዶ ነው» ብሎ ወደ ጻፈው እጅ ነው። በከፋ ሰው የማይታይበት ጫካ ሁሉ ባዶ አይደለምና።

አሁን ወደ ዛሬው ሕግ እንመጣለን። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ፣ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦችም የጋራ ንብረት ነው ይላል። ሥራውንም ለሁለት ይከፍለዋል፤ በአንቀጽ 51 የመሬት አጠቃቀምና ጥበቃ ሕግ የሚያወጣው የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ በአንቀጽ 52 ግን ያንን ሕግ ተከትሎ መሬትን የሚያስተዳድረው ክልል ነው። በአንቀጽ 43 ደግሞ ሕዝቡ በአካባቢው በሚደረግ የልማት ሥራ ላይ ሐሳቡ እንዲጠየቅ መብት አለው። በዚህ ፊደል ብንሄድ የአዲስ አበባ ሚኒስትር በከፋ መሬት ላይ ያለው ሥልጣን ጠባብ ነው፤ ሕግ ያረቅቃል፣ ይመክራል፣ ባለሙያ ይልካል። መሬት ግን አይሰጥም።

ታዲያ ሚኒስትሩ መሬት ሲሰጥ የታየው እንዴት ነው? መልሱ «ውክልና» የሚባል አንድ ቃል ነው። በ2001 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባወጣው መመሪያ ክልሎች ሰፋፊ የእርሻ መሬቶቻቸውን፣ በተለይም ከ5,000 ሄክታር በላይ የሆኑትን፣ በውክልና ለግብርና ሚኒስቴር አሳልፈው እንዲሰጡ ተደረገ። ሚኒስቴሩ መሬቱን በአንድ ቋት ሰብስቦ ለባለ ሀብቶች ያከራይ ነበር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 የተጻፈው ግን የፌዴራሉ መንግሥት ከሥልጣኑ ለክልሎች ሊወክል እንደሚችል ነው። ክልል ሥልጣኑን ወደ ላይ ይወክላል የሚል ቃል የለበትም። የሕግ ሊቃውንት በዚህ ብዙ ተከራክረውበታል። እኛ ተማሪዎች ነንና ፍርድ አንሰጥም፤ ነገር ግን ውሃ ሽቅብ ሲፈስ ያየ ሰው ቢገረም አይፈረድበትም።

የዚህን ነገር ውጤት ለማየት ወደ ጐረቤታችን ወደ ጋምቤላ መሻገር ያስፈልጋል። በ2003 ዓ.ም. ካሩቱሪ የተባለው የህንድ ኩባንያ ከግብርና ሚኒስቴር ጋራ የ100,000 ሄክታር ውል ተዋዋለ። በ2008 ዓ.ም. ሚኒስቴሩ ውሉን ሲሰርዝ የለማው 1,200 ሄክታር ብቻ እንደ ሆነ ገለጸ። ይህ ሜዳ ነው፤ ከጫካችን ጋራ የሚመሳሰለው ግን የጎደሬ ወረዳ ጉዳይ ነው። በ2002 ዓ.ም. ሚኒስቴሩ በጎደሬ 3,012 ሄክታር ለሻይ ተክል ለቬርዳንታ ሐርቨስትስ ለ50 ዓመት አከራየ። ምድሩ የመዠንገር ሕዝብ ማር የሚቈርጥበት ጫካ ነበር። የአገሩ ሰዎች ሽማግሌ መርጠው አዲስ አበባ ድረስ ሄደው አቤት አሉ፤ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስም አቤቱታቸውን ተቀብለው የአካባቢ ጥበቃ ባለ ሥልጣን እንዲመረምረው ጻፉ። ባለ ሥልጣኑ መርምሮ ጫካው እንዳይነካ አሳሰበ። ሚኒስቴሩ ግን በውሉ ጸና።

ይህን ታሪክ ስናነብ ከሁሉ ይልቅ የገረመን ይህ ነው፤ የአገሪቱ ርእሰ ብሔር ደብዳቤ ከአንድ ሚኒስቴር ፊርማ አነሰ። የሄዱት ሽማግሌዎች የተሰሙት ውሉ ከተፈረመ በኋላ ነውና፣ ፊርማን ማስለወጥ ከመፈረም በፊት ከመጠየቅ ይልቅ መቶ እጅ ይከብዳል።

በውጭ አገርስ እንዴት ነው ብለን ጥቂት አንብበናል። የእንግሊዝ አገር ሕግ ለሚኒስትሩ የሰጠው ሥልጣን ከኛው ሕገ መንግሥት እጅግ ይበልጣል። በ1939 ዓ.ም. (በነርሱ 1947) የወጣው የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ፣ የአካባቢ ምክር ቤት የሚያወጣው ፕላን በሚኒስትሩ እንዲጸድቅ ያዝ ነበር፤ ሚኒስትሩም ከፈለገ በምክር ቤቱ ፊት ያለውን የግንባታ ጥያቄ ወደ ራሱ አንሥቶ ሊወስን ይችላል። ይሁን እንጂ ሚኒስትሩ ከመወሰኑ በፊት ባለ ጉዳዩ ወይም ምክር ቤቱ ከጠየቀ መርማሪ ይላካል፤ መርማሪውም በአደባባይ ተቀምጦ የሁለቱን ወገን ቃል ይሰማል። እንግዲህ በነርሱ ዘንድ ሥልጣኑ በሕግ ሰፊ ሆኖ በመስማት ግዴታ ታስሯል። በጎደሬ ግን በሕግ ጠባብ የሆነው ሥልጣን በሥራ ሰፋ፤ የሚያስረውም አልነበረም። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ስንከራከር ክፍላችን እኩል በእኩል ተከፈለ፤ ከመምህራኖቻችንም አንዱ የደወሉን ድምፅ እስኪሰማ አብሮን ተከራከረ።

በከፋ የኛ ዕድል ከጎደሬ የተለየ የሆነው በሁለት ነገር ይመስለናል። በ1988 ዓ.ም. ፋርም አፍሪካ የሚባለው ድርጅት በቦንጋና በሸዋው ጭሊሞ አሳታፊ የደን አስተዳደር የተባለውን ሥራ ጀመረ። ነገሩ ቀላል ነው፤ የጫካው ተጠቃሚዎች በማኅበር ይደራጃሉ፣ ወሰኑን ከመንግሥት ባለሙያ ጋራ በእግራቸው ዞረው ያመለክታሉ፣ ከዚያም የመጠበቅ ግዴታና የመጠቀም መብት ያለበትን ውል ከመንግሥት ጋራ ይፈራረማሉ። ባለ ቆቦው ከሌባነት ወጥቶ ተዋዋይ ሆነ። ከዚያ ቀደም ከባለሙያው ጋራ አብሮ በወሰን ላይ የሚሄድ ገበሬ ማን ነበር?

ሁለተኛው የከፋ ባዮስፌር ሪዘርቭ ነው። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የከፋንና የያዩን ጫካ በአንድ ላይ መዘገበ፤ እነዚህ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። የጀርመኑ ናቡ ማኅበር በሥራው ረድቷል። ከ500,000 ሄክታር በላይ የሆነው ይህ ምድር በሦስት ቀጠና ተከፍሏል። በመካከል ያለው ጥብቅ ቀጠና አይነካም፤ በዙሪያው ባለው ከለላ ቀጠና ቡና፣ ቅመምና ማር ይለቀማል፤ በሽግግሩ ቀጠና እርሻና ከተማ አለ። በጥሞና ላየው ሰው ይህ አከፋፈል ከአባቶቻችን ሥርዓት ጋራ ዘመድ ነው፤ የተቀደሰው ዱር፣ ቆቦውና እርሻው በአዲስ ስም ተመልሰው መጡ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ዐዋጅ ቍጥር 1065 ደግሞ ከመንግሥትና ከግል ደን ሌላ የማኅበረሰብንና የማኅበራትን ደን ለይቶ ዐወቀ። በ1957 ዓ.ም. ባዶ የቀረው ቦታ ከ53 ዓመት በኋላ ቢያንስ በከፊል ተሞላ።

መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ ኅዳር 14 ቀንም የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ። ቦንጋ ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆነች፤ ርእሰ መስተዳድሩም በዚህ ይቀመጣል። ከዚያ በፊት ለክልል ጉዳይ ሐዋሳ ድረስ መሄድ ነበረብን። ከ1890 ዓ.ም. ወዲህ የከፋን መሬት የማስተዳደር ሥልጣን እንዲህ ወደ ቦንጋ ሲጠጋ የመጀመሪያው ነው። የፌዴራሉም የገጠር መሬት ሕግ በ2016 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 1324 ታድሷል። ሕጉን የሚያወጣው አዲስ አበባ ይሁን እንጂ ካሣ የሚገምተው፣ ወሰን የሚያመለክተው፣ ፕላን የሚያጸድቀው እዚሁ ነው።

ቅርብ መሆኑ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ክልል የሚቀመጥባት ከተማ ቢሮ ትፈልጋለች፤ ቢሮ ሠራተኛ ያመጣል፤ ሠራተኛ ቤት ይሻል። ቦንጋ በኮረብታ ላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች የምትሰፋው ወደ እርሻና ወደ ጫካ ነው። በ2000 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ፕላን ዐዋጅ ቍጥር 574 መሠረት የአንድ ከተማ መዋቅራዊ ፕላን ለ10 ዓመት ይጸናል፤ ከመጽደቁም በፊት ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት ሊሰጥበት ይገባል። የከተማው ክልል ወደ ገጠር ቀበሌ በገፋ ቍጥር ያ መሬት ከገጠር ዐዋጅ ወጥቶ ወደ ከተማ ዐዋጅ ይገባል፤ የሚጠየቀው መሥሪያ ቤትም ይለወጣል። የይዞታ ደብተር ያለው ገበሬ የእርሻውን ካሣ በደብተሩ ይጠይቃል። የጫካ ቆቦ ግን ብዙ ጊዜ በደብተር ላይ አይጻፍም፤ ያልተጻፈውን ደግሞ ገማቹ አይቈጥረውም።

ስለዚህ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ከመለያየታችን በፊት በዚህ ክረምት የቤተ ሰቦቻችንን ቆቦ ወሰን ከአባቶቻችን አፍ እየሰማን በደብተር ለመመዝገብ ተስማምተናል፤ ዛፉን በስሙ፣ ጅረቱን በስሙ፣ የሚዋሰነውን ሰው በስሙ። እስካሁን የዐሥራ አንድ ቤት ተጽፏል። የሦስቱ ወሰን አንድ ጅረት ነው፤ የጅረቱ ስም ግን በሦስቱ ቤት ሦስት ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ሽማግሌዎቹ በሚመጣው ቅዳሜ በጅረቱ ዳር ተገናኝተው ሊነጋገሩበት ቀጠሮ ይዘዋል።